መስመሩ ተይዟል

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ሰኔ 1998 ዓ.ም. ነው። ታላቅ ወንድሜ ከዘጠኝ ዓመት ስደት በኋላ ሊመጣ ነው። «ቀኑን በኢሜይል አሳውቅሃለሁ» ብሎኛል። የኔ ድርሻ ኢሜይሉን ከፍቶ ማንበብ ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት ጓደኛዬ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ሲዲ አመጣልኝ። ያን ጊዜ ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነፃ ይላክ ነበር። አላደርኩም፤ ያንኑ ማታ ዊንዶውሱን አጥፍቼ ሊኑክስ ጫንኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ሁሉም አማረ፤ ሞደሙ ግን አልሠራ አለ። ለካ ውስጥ ያለችው ካርድ ዊንሞደም የሚሏት ናት፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራላት ዊንዶውስ ነው። በሊኑክስ የሚያሠራት ድራይቨር ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ለመግባት ደግሞ ሞደሙ መሥራት አለበት! ከቦሌ ሚካኤል በጭቃ እየተንሸራተትኩ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ በፍሎፒ ገልብጬ መጣሁ። ፋይሉ ተበላሽቶ ነበር። ተመለስኩ። ሁለተኛው ለሌላ የሊኑክስ ዕትም የተሠራ ሆነ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሦስተኛም ሄድኩ።

በመጨረሻ አንድ ጎረቤታችን «እስቲ ልጄ፣ ይኼን ሞክረው» ብለው ሲሪያል ፖርት ላይ የሚሰካ ሞደም አዋሱኝ። ይኼኛው ሥራውን ራሱ ስለሚሠራ ሊኑክስ ወዲያው አወቀው። ስደውል ግን «የመስመር ድምፅ የለም» ይለኛል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ትእዛዝ ስቀያይር አመሸሁ። እናቴ ራት ይዛ መጣችና ጎንበስ ብላ አየችው። «ይቺ ገመድ የስልክ ሥዕል ያለበት ጋ ነው እንዴ የምትገባው?» አለች። ከሞደሙ ጀርባ ሁለት ቀዳዳ አለ፤ አንዱ ከግድግዳ ለሚመጣው መስመር፣ አንዱ ለስልኩ። ገልብጬ ሰክቼዋለሁ።

ቀየርኩት። ጢጥ ጢጥ አለ፣ ጮኸ፣ ሽሽሽ አለ፤ ገባ! ድምፁ ለጆሮዬ እልልታ ነበር። ከደስታዬ ብዛት ኢሜይሉን ረስቼ ስለ ሊኑክስ ማንበብ ያዝኩ። አውሮፕላን ጣራችንን እያንቀጠቀጠ አለፈ፤ ለቦሌ ሚካኤል ሰው ብርቅ አይደለምና ቀና አላልኩም።

ኢሜይሉን የከፈትኩት ዘግይቼ ነው። «ነገ ማታ ሁለት ሰዓት ቦሌ እደርሳለሁ። ካላየሁህ ቤት እደውላለሁ» ይላል። የተጻፈው ትናንት ነው። ሰዓቴ ሦስት ተኩል ይላል።

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ ወደ ቤት የመጣው በስልክ ሽቦ ነው፤ አንዱ ሲገባበት ሌላው መደወል አይችልም ነበር። ወንድሜ ከአየር ማረፊያው ደጋግሞ ደውሏል። መስመሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።

በሩ ተንኳኳ። ሁለት ሻንጣ ይዞ፣ በዝናብ ርሶ ቆሟል። እናቴ እየጮኸች ተጠመጠመችበት። እሱ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየኝና «ይኼን ሁሉ ሰዓት ማነው ስልክ የሚያወራው?» አለ። የሞደሙ መብራት ከኋላዬ ብልጭ ድርግም ይላል። የምመልሰው ጠፋኝ።

ሊኑክስን ዛሬም እጠቀምበታለሁ፤ እወደዋለሁ። እናንተ ግን ሰው የምትጠብቁ ከሆነ፣ እባካችሁ መስመሩን ልቀቁለት።