የማይንቀሳቀሰው ንብረቴ

ለቤት አልሚ ድርጅታችሁ
ሽያጭ ክፍል (ፋይናንስ ክፍል ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ስለሆነ)
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያለውን ሰማይ ስለመመለስ

ውድ አልሚዎቼ፣

ባለሁለት መኝታ ቤት የገዛሁት ደንበኛችሁ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ቤቴን ልጠይቅ መጥቼ ነበር። ጥበቃው ከቆርቆሮው አጥር በር ላይ ተቀብለውኝ «የኔ ልጅ፣ ስንተኛ ፎቅ ነው?» አሉኝ። ዘጠነኛ ስላቸው ቀና ብለው አራተኛው ላይ የቀረውን የዛገ ፌሮ አዩ፤ ቀጥለው ከሱ በላይ ያለውን ሰማይ፣ በመጨረሻም እኔን አዩ። ምንም አላሉም። ሳሎኔ ይሆናል ብዬ በገመትኩት ቦታ አንድ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ይዞራል። «ላም አለኝ በሰማይ» የምኞት ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ውል የተፈረመበት፣ 20 በመቶም የተከፈለበት ነው።

ሕጉ ቤትን «የማይንቀሳቀስ ንብረት» ይለዋል። ይህን ቃል የእናንተን ያህል ያከበረ አላየሁም፤ ሕንፃችን ከአራተኛ ፎቅ ንቅንቅ ሳይል ሁለት ዓመት አለፈው። ስለዚህ ግዢውን ልተወው ወስኛለሁ። ከመተዌ በፊት ግን ማመስገን ያለብኝን ላመስግን።

ጥር 2015 ቢሯችሁ ስገባ የቀረበልኝ ማኪያቶ እስካሁን አፌ ላይ አለ። በመስታወት ሳጥን ውስጥ ያለውን የሕንፃ ሞዴልም አልረሳውም። ጥፍር የሚያካክሉ ዛፎች፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ መዋኛ፣ በሩ ላይ ደግሞ ውሻውን የሚያናፍስ የፕላስቲክ ሰውዬ ነበረው። ያ ሰውዬ ዛሬም እዚያው አለ። ከእኛ ሁሉ ቤቱን በሰዓቱ የተረከበ እሱ ብቻ ነው።

«ወንድምዬ፣ የቀረን አንድ ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ቀጥሮናል» አለችኝ ሽያጭ ሠራተኛችሁ። ላቤ መጣ። የዕቁቤን ብር፣ ባለቤቴ የሸጠችውን ወርቅ፣ ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው እህቴ የላከችውን ሰብስቤ በማግስቱ ሲፒኦ አሠርቼ መጣሁ። ከዘጠኝ ወር በኋላ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬም ያንኑ «የቀረውን አንድ» ገዛ። እንኳን ደስ ያለው፤ አሁን እሱም እኔም የአንድ አሞራ ጎረቤቶች ነን።

ከፈረምኩ በኋላ «ወንድምዬ» ቀርቶ «ክቡር ደንበኛችን» ሆንኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ተሻገረ። የእናንተ ደብዳቤ ግን ከዶላሩም ቀድሞ ደረሰኝ፤ ቀሪው ክፍያዬ በዕለቱ ምንዛሪ ይሰላል ይላል። ውሉን አገላብጬ ሳይ እውነትም ተጽፏል፣ እውነትም ፈርሜበታለሁ። ሕንፃው በደብዳቤያችሁ ፍጥነት ቢያድግ ኖሮ ዛሬ ከደመና በላይ ቡና እያፈላን ነበር።

በቃኝ፣ ብሬን መልሱልኝ ስል ደግሞ ሌላ ሒሳብ ጠበቀኝ። የሚመለስልኝ በብር ነው፤ ያውም በ2015 በቆጠርኩት ብር፣ 25 በመቶ ተቀንሶለት፣ ያውም ቤቱ ለሌላ ሰው ሲሸጥ። ስትጠይቁኝ በዶላር፣ ስጠይቃችሁ በብር! አሞራ የሚዞርበትን ቤት ማን እስኪገዛው እንደምጠብቅ ግን ውሉ አይናገርም። አበው «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» የሚሉት ለእንዲህ ዓይነቱ የመውጫ አንቀጽ ነው።

ገንዘቤም እናንተ ዘንድ ሁለት ስም አውጥቷል። ስትቀበሉት ቅድመ ክፍያ ነበር፤ ስጠይቃችሁ «እሱማ ቀብድ ነው፣ ገዢ ከተወ ይቀራል» ተባልኩ። እኔም የሰፈራችን ጠበቃ ዘንድ ሄጄ ስለ ቀብድ ጠየቅሁ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ፦ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ደስ ብሎኝ «እንግዲያው እጥፉን አምጡ» ስላችሁ፣ ገንዘቤ በአንድ ጀምበር ተመልሶ ቅድመ ክፍያ ሆነ። የዓለም ስምና የክርስትና ስም ያለው ሰው አውቃለሁ፤ እንደ ጠያቂው ስሙን የሚቀያይር ብር ግን የእናንተ የመጀመሪያው ነው።

ጠበቃው ግን ጉጉቴን አበረደው። ያ አንቀጽ «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የሚል ቀዳዳ አለው። መርፌ የምታስገባ የምትመስለው ቀዳዳ 31 ገጽ ውል አሳልፋለች። አንቀጽ 1794ም እንዲሁ ነው። ለሥራው የሚያስፈልግ ጥሬ ዕቃ ዋጋው ስለጨመረ ብቻ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ደረሰብኝ ማለት እንደማይቻል ይናገራል፤ ተዋዋዮቹ በግልጽ ሌላ ካልተስማሙ። እኛ ደግሞ በግልጽ ተስማምተናል! በውላችን ሲሚንቶ ከአቅም በላይ ነው፣ ብረት ከአቅም በላይ ነው፣ ክረምትም በየዓመቱ ድንገት የሚመጣ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው። የእኔ የቤት ኪራይና የልጄ ትምህርት ቤት ክፍያ ግን ምን ጊዜም በአቅሜ ልክ ናቸው መሰለኝ፣ ስማቸው የለም።

ይህን ሁሉ ችዬ ማክሰኞ ዕለት ቢሯችሁ መጣሁ። ማኪያቶ አልቀረበም። አንዲት ልጅ የተባዛ ቅጽ ሰጠችኝ። «እኔ ገዢ፣ በራሴ ፈቃድ ሐሳቤን በመቀየሬ ውሉን አቋርጫለሁ» ይላል፤ ከሥሩ የፊርማ መስመር። እስክሪብቶ አንስቼ «በራሴ ፈቃድ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። «እዚህ ጋ ብቻ ነው የሚፈረመው» አለችኝ ልጅቷ በትሕትና። ሳልፈርም ወጣሁ፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም ለዚያ ነው።

እኔ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ዛሬም ዘጠነኛ ፎቅ ላይ መኖር እፈልጋለሁ፤ ባለቤቴ የመጋረጃውን ቀለም ከመረጠች ሦስት ዓመቷ ነው። ውሉ በ24 ወር ትረከባለህ ይላል፤ 24 ወሩ ጥር 2017 ሞልቷል። ያን ቀን ቁልፍ ያላስረከበ ወገን ነው ውሉን የተወው። እናንተ ከወጣችሁ በኋላ በሩን የዘጋሁት እኔ ስለሆንኩ ብቻ «ትቶ ሄደ» ልባል አይገባም።

በመሆኑም የሚከተለውን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ገንዘቤን ሙሉውን መልሱልኝ፤ ከቅጹም ላይ «በራሴ ፈቃድ» የሚለውን ሰርዙልኝ። ይህ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ፣ በመስታወቱ ሳጥን ውስጥ ባለው ሞዴል ላይ ዘጠነኛውን ፎቅ አስረክቡኝ። ውሻውን ከሚያናፍሰው ሰውዬ ጋር ተስማምተን እንኖራለን።

ከሠላምታ ጋር፣
ክቡር ደንበኛችሁ

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ፦ መጋረጃውን ለጊዜው እንድታቆየው።
ለአከራያችን፦ በዚህ ዓመትም እንደማንወጣ እንዲያውቁት።
የሰበሰበውን ብር በኪሱ ይዞ ዛሬ ከሞዴሉ ፊት ለቆመው ሰው፦ ወንድሜ፣ ማኪያቶህን ጠጣ፤ ሲፒኦውን ከማሠራትህ በፊት ግን ውሉን ቤትህ ውሰድና ለጠበቃ አሳይ። አንተ ብትተው ምን እንደምታጣ ተጽፎ ታገኘዋለህ። እነሱ ቢተዉስ ምን እንደሚያጡ የሚናገር መስመር እስክታገኝ ድረስ አትፈርም።