በሞቴ፣ ጉረስ!

ጠመንጃ ጥይት አልጎርስም ሲል ባለቤቱ ፊት ላይ የሚነበበውን ቅያሜ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ በመዳፉ ይገፋል። አልገባም። መቀባበያውን ወደ ኋላ ስቦ በጡጫ ይደግመዋል። አሁንም አልገባም። እዚህ ላይ ጥይቱን አውጥቶ አገላብጦ ማየት፣ ቀለሁ ቂጥ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የሚባል ነገር ነበር። እሱ ግን ግራ ቀኙን ይቃኛል፤ የሚያየው ሰው ካለ ነገሩ የክብር ጉዳይ ሆኗል። እንግዳው ጠግቤያለሁ እያለ ጉርሻ ይዞ እንደሚታገል አባወራ፣ «በሞቴ!» እያለ ይገፋል። ጠመንጃው አንዳንዴ መሐላውን ይቀበላል።

ሞኝነቱ የኛ ብቻ መስሎን አንገት እንዳንደፋ፣ አሜሪካኖች የራሳቸውን በወግ መዝግበውታል። የጠመንጃ ማኅበራቸው መጽሔት «አሜሪካን ራይፍልማን» በ1959 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ የጃፓን አሪሳካ ጽፎ ነበር። ጠመንጃው 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። ያበጀው ሰው የአሜሪካኑን ሠላሳ ዜሮ ስድስት እንዲጎርስ የጥይት ማረፊያውን አሰፋው፤ ቱቦውን ግን እንዳለ ተወው። የመሰርሰሪያዋ መሪ ጫፍ ቱቦው ውስጥ አልገባም ስትለው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጫፏን ሞረዳት! ብረት ከዚህ በላይ እንዴት አድርጎ ይናገር? ከዚያ በኋላ 7.8 ሚሊ ሜትር አረር በዚያ ጠባብ ቱቦ እየተጨመቀ ወጣ፤ አጋዘንም ተገደለበት። የባለቤቱ ቅሬታ አንድ ብቻ ነበር፦ ጠመንጃው ሲረግጥ ይበረታል። ሰውየውን ያተረፈው የጃፓኖቹ ብረት ጥንካሬ እንጂ የራሱ ጥንቃቄ አይደለም።

መግፋት መውደዳችንን ሠራዊትም ያውቀዋል። የአሜሪካው ኤም 16 ሲሠራ አየር ኃይሉ አያስፈልግም ያለውን፣ ምድር ጦሩ የግድ ይሁንልኝ ብሎ በጎኑ አንዲት የመግፊያ ቁልፍ አስገጠመ፤ መቀባበያው አልዘጋ ሲል በመዳፍ የምትመታ። ፈልሳፊው ዩጂን ስቶነር በመጀመሪያው ንድፉ ላይ አላኖራትም ነበር። ዛሬ ሲቪሉ በሚገዛው ኤአር 15 ላይም አለች። ታዲያ 5.56 እና ሦስት መቶ ብላክአውት የሚባሉት ጥይቶች የሚጎርሱት ከአንድ ዓይነት ካዝና፣ በአንድ ዓይነት መቀባበያ ነው፤ የሚለያየው ቱቦው ብቻ ነው። ሁለቱንም የያዘ ሰው ካዝና ሲሳሳት ወፍራሙ አረር ቀጭኑ ቱቦ አፍ ላይ ይቆማል። ጠመንጃው አልዘጋም ይላል። ጌታው ቁልፏን ይደልቃል። አረሩ ወደ ቀለሁ ውስጥ ሰምጦ መቀባበያው ሲዘጋለት «አየህ!» ይላል። ከዚያ ቃታውን ይስባል፤ የተሰነጠቀውን ብረት ደግሞ ሌሎች ይለቅማሉ።

የሠላሳ ዜሮ ስድስት የተፈቀደ ከፍተኛ ግፊት በአንድ ስኩዌር ኢንች 60,000 ፓውንድ ነው፤ ይህም ሁሉ ከተኳሹ ዓይን አንድ ስንዝር ያህል ርቆ። ግፊት ግን በዓይን አይታይም። ስለዚህ የጀግናው ዋና ማስረጃ «እስከ ዛሬ ምን ሆንኩ?» ነው። የሆነው ነገር ቀለሁ ላይ ተጽፏል፦ ቂጡ ላይ ያለችው መለኮሻ ተደፍጥጣ ጠርዟ ጠፍቷል፣ ዙሪያዋ የሚያብረቀርቅ ጭረት ወጥቷል፣ የመቀባበያው እጀታም አልነሳም ብሏል። ጥይቱን በቤቱ የሚሞላ ሰው ይህን ሁሉ አይቶ ባሩድ እንደመቀነስ እጀታውን በጎማ መዶሻ እየመታ ይከፍታል፤ «ፈጣን ጥይት ናት» ብሎም ይኮራል። ጥይቱን ፀሐይ ላይ አስጥቶ የሚውለውም አለ፤ የጋለ ባሩድ ግፊቱን እንደሚጨምር ማን ነግሮት? ጥይቱ እንዲያሟልጭ ቅባት የሚቀባው ደግሞ ሌላው ብልህ ነው። ደረቅ ቀለህ ሲተኮስ የማረፊያውን ግድግዳ ጨብጦ ሸክሙን ይጋራል፤ የተቀባው ግን ተንሸራትቶ ሸክሙን ሁሉ መቀባበያው ላይ ይጥለዋል። ከመቀባበያው ኋላ ያለው የማን ፊት እንደሆነ ባለቅባቱ ያውቃል።

እኛ ዘንድ ቤልጅጉ 7.92፣ የጣሊያኑ 6.5፣ ኤም ዋኑ ሠላሳ ዜሮ ስድስት ነው። የሦስቱም ጥይት ግን አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ተደባልቆ ከአያት ለልጅ ልጅ ሲወረስ ማን ይጠይቃል? የ7.92 ጥይት ሠላሳ ዜሮ ስድስት ጠመንጃ ውስጥ ሊዘጋ እንደሚችል፣ ሲተኮስም ጠመንጃውን ሊበታትን እንደሚችል ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል። በሠርግ ቀን ግን እልልታው ሲቀልጥ የቀለህ ጽሑፍ የሚያነብ ሚዜ አላጋጠመኝም።

እናም ወገኖቼ፣ ጥይቱ አልገባም ካለ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ አውጡት፤ ዳግም አትሞክሩት። የተኩሱ ድምፅ ከወትሮው ከለሰለሰ አረሩ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ይሆናልና ሌላ አታጉርሱ፤ ጠመንጃውን ባዶ አድርጋችሁ ቱቦውን አስመርምሩ። ቃታ ተስቦ ዝም ካለ አፈሙዙን እዚያው እንዳነጣጠራችሁ ቢያንስ 30 ሴኮንድ ጠብቁ። አያት የተዉላችሁን አሮጌ ጠመንጃ ደግሞ መለኪያ ለያዘ ባለሙያ ሳታሳዩ አትተኩሱ። ጎረቤት «ፈራ» ብሎ ቢስቅ፣ ይሳቅ።