በመስታወት ሙዚየም ውስጥ እጅ የት ይቀመጣል?

ስለ መስታወት ብዙ ተጽፏል፤ ስለሚሠሩት ሰዎችም እንዲሁ። መስታወት ሊያይ የገባ ጎብኚ እጁን የት እንደሚያኖር ግን የመረመረ ሊቅ እስካሁን አልገጠመኝም። ይህ አጭር ጥናት ክፍተቱን ለመድፈን የቀረበ ነው።

የጥናቱ ሜዳ የአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት ስትሆን ሁለት ቦታዎች ተመርጠዋል፤ በ2002 የተከፈተው የታኮማ የመስታወት ሙዚየምና በ2012 ሲያትል ውስጥ በስፔስ ኒድል ማማ ሥር የተከፈተው የመስታወት ሠዓሊው የዴል ቺሁሊ አዳራሽና አትክልት ስፍራ (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። የምርጫው መስፈርት ጥብቅ ነው። ሲያትልና ዙሪያዋ ሐበሻ የበዛበት አገር በመሆኑ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ወደ አንዱ መወሰዱ አይቀርም። ይፈልግ እንደሆነ አይጠየቅም። ውጭ ዝናብ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ አይቀመጥም።

የእጅ አቀማመጥ በአራት ይከፈላል። የመጀመሪያው ኋለኛ ነው፤ ሁለቱ እጆች ከጀርባ ይቆላለፋሉ፣ አገጭ ከፍ ይላል፣ እርምጃው ይከብዳል። በዚህ ክፍል የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህራን ናቸው። እያንዳንዱ ሥራ ፊት ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ መስታወቱ ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛውሯል ማለት ነው። ሁለተኛው ኪሰኛ ነው። ወጣት ነው፣ እጁን የሚያወጣው ለስልክ ነው፤ ሌላ የሚባል የለውም። ሦስተኛው ያዥ ነው፤ በአንድ እጁ የልጅ አንጓ፣ በሌላው የሌላ ልጅ አንጓ የያዘ ወላጅ። ያዥ ስለ መስታወቱ ሲጠየቅ ምንም አያስታውስም፤ ያየው ልጆቹን ብቻ ነው። የሚገርመው፣ ታኮማ ውስጥ ሙዚየሙ ራሱ የልጆችን ሥዕል ተቀብሎ ባለሙያዎቹ በመስታወት የሚሠሩበት ፕሮግራም አለው፤ አንዱ ለልጁ ይሰጣል፣ አንዱ ከሙዚየሙ ስብስብ ጋር ይቀመጣል። ሳሎን ግድግዳ ላይ በመሣሉ የተቆጣነው ልጅ መሆኑ ነው።

አራተኛው፣ የዚህ ጥናት ዘውድ፣ አቃፊ ነው። አቃፊ ቦርሳውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ የሚጎበኝ ሰው ሲሆን፣ ከናሙናዎቹ ሁሉ የጠራው ልጇን ልታርስ ከአዲስ አበባ የመጣች እናት ናት። እሷ ዘንድ ጉዳዩ የቦርሳ ብቻ አይደለም፤ ነጠላ አለ። በመስታወት መካከል ነጠላ ከባድ የንድፈ ሐሳብ ችግር ነው፤ ሲዞሩ ይዞራል፣ ጫፉ ባለቤቱ ሳታውቅ የራሱን ጉብኝት ያደርጋል። ጀማሪዋ ጫፉን በእጇ ትጨብጣለች፤ ያን ጊዜ ቦርሳው ይላላል። የተሻለችው አንገቷ ላይ ትጠመጥመዋለች፤ ይሞቃታል። የበሰለችው ግን በሩ ላይ ቆም ብላ፣ ድግስ ላይ እንደምታሳልፍ ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ትገባለች። ይህን ፍርሃት ነው ያለ ተሳስቷል። “ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ” እየተባለች ላደገች ሴት ሕገ መንግሥት ነው።

እጇ ከተያዘ በኋላ ሥራው ወደ አፏ ይዛወራል። ጥያቄዎቿ ሦስት ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም አይዛባም። ይህን ማነው የሚወለውለው? ምን ይቀዳበታል? ቢሰበር ማን ይከፍላል? ልጇ ዙሪያዋን እያየች “እማዬ፣ ቀስ በይ፤ አርት እኮ ነው” ትላለች።

ልጅቱ ናት የተሳሳተችው። በሜሶጶጣሚያና በግብፅ የመስታወት ዕቃ መሠራት ከጀመረ 3,500 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ዕቃው ሲሠራ የኖረው ሽቶ፣ ዘይት ወይም ወይን ሊቀዳበት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሠዓሊ በገዛ ምድጃው ምንም የማይቀዳበት መስታወት መሥራት የተስፋፋው፣ ሠዓሊው ሃርቬይ ሊትልተን በ1962 ኦሃዮ በሚገኘው የቶሊዶ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የመስታወት ወርክሾፕ ካካሄደ ወዲህ ነው። ቺሁሊም የእሱ ተማሪ ነበር። እንግዲህ እናትየዋ 3,500 ዓመት ተደግፋ ስትጠይቅ፣ ልጅቱ የምትከራከረው በ60 ምናምን ነው።

የመወልወሉም ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ሲያትል ባለው የቺሁሊ የመስታወት ቤት ጣሪያ ሥር የተሰቀለው ቀይ፣ ብርቱካናማና ቢጫ ሥራ 30 ሜትር ይረዝማል። ሃያሲው ቀና ብሎ ብርሃን ያያል። የቡፌዋን ብርጭቆ አንድ በአንድ እያወረደች ስትወለውል የኖረች ሴት ቀና ስትል መሰላል ነው የሚታያት፤ መሰላሉን የሚይዝ ሰውም ትፈልጋለች።

ምደባችን የሚፈርሰው ታኮማ ሙዚየም ውስጥ፣ መስታወት በሚቀልጥበት ምድጃ ፊት ነው። ዘመም ብሎ በቆመው 27 ሜትር በሚሆነው የብረት ሾጣጣ ሥር ጎብኚው ተቀምጦ ሠራተኞቹን ያያል። (ቅርጹ የተወሰደው የድሮ እንጨት መሰንጠቂያዎች ብናኝ ከሚያቃጥሉበት ምድጃ ነው።) ከ1,000 ዲግሪ በላይ ግሎ የቀለጠው መስታወት በረጅም ቱቦ ጫፍ ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ቱቦው ሳያቋርጥ ካልተሽከረከረ መስታወቱ ወደ መሬት ይዘቀዝቃል። ያለቀው ዕቃም ባንዴ ከቀዘቀዘ ስለሚሰነጠቅ ሌላ ምድጃ ገብቶ ለብዙ ሰዓት ቀስ እያለ ይበርዳል። ገለጻው ሲተረጎምላት እናትየዋ አትደነቅም። ትኩስ ሻይ ከመቅዳቷ በፊት ብርጭቆው ውስጥ ማንኪያ የምታኖር ሴት ምኑ ይደንቃታል? ቦርሳው ግን ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ርዕሰ መምህሩም እጃቸውን ፈተዋል፤ አንድ ሥራ ከቱቦው ተላቆ ቢወድቅ ሁሉም እኩል “ወይኔ!” ይላሉ፤ እሷ ብቻ “ክፉውን ይዞ ይሂድ” ብላ ትጨምራለች።

አምስተኛ ክፍል ያስፈልግ ነበር፤ ለራሱ ለቺሁሊ። በ1976 በመኪና አደጋ የግራ ዓይኑን፣ በ1979 ደግሞ ባሕር ላይ ሲጫወት ትከሻውን ከተጎዳ ወዲህ መንፋቱን ለሌሎች ትቶ ሥራውን እየሣለና እያዘዘ ኖሯል። በመስታወት ዓለም ስመ ጥር የሆነው ሰው እጅ ቱቦ ካልያዘ፣ የጎብኚን እጅ በአራት መክፈል ምን ይፈይዳል? ምደባው ይቅር።

እንግዳ ያለባችሁ የሲያትልና የታኮማ ሰዎች ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ስጦታ መሸጫው ውስጥ እናታችሁ ዕቃውን ገልብጣ ዋጋውን አይታ ወደ ብር ስትመነዝር አትቆጧት፤ ሒሳቧ ትክክል ነው። ይልቅ ከታኮማው ሙዚየም ወጥታችሁ መሐል ከተማውን ከሙዚየሙ ጋር በሚያገናኘው የመስታወት ድልድይ አሻግሯት። ርዝመቱ 150 ሜትር ነው፣ የቺሁሊ መስታወት ከራስ በላይ ነው፣ ትኬትም የለውም።