«አበበ ቢቂላስ?» ላልከው

ቤቴል ሰፈር፣ እኔ ስፖርት የምሠራበት ጂም በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። «ያለ ስፖርት ጫማ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ማኅተም አለው፤ ፊርማ አለው፤ የቀረው የቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነው። ከሥሩ አንድ ተረበኛ በሰማያዊ ቢክ «አበበ ቢቂላስ?» ብሎ ጽፎበታል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። አሰልጣኙ እያነበበ ይስቃል፤ ጫማውን ቤቱ የረሳ ሁሉ ደግሞ ጽሑፏን በጣቱ እየጠቆመ፣ እንደ ፖሊስ መታወቂያ አሳይቶ ይገባል። ስለዚህ እኔ ልመልስ።

ባለ ቢኩ ወንድሜ፣ ስምህን አላውቅም። ጫማህን ስታወልቅ ግን ትሬድሚሉ ማንም ሳይወጣበት መሮጥ እንደሚጀምር ጂሙ በሙሉ ምስክር ነው። ካልሲህን ግድግዳ ስታስደግፈው ቀጥ ብሎ ይቆማል። አበበ ክብር ዘበኛ ነበር፤ ባንተ በኩል ዘበኛው ካልሲህ ነው። አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። አንተ የምትሮጠው ከሎከሩ እስከ መስታወቱ ነው፤ እሱንም ፎቶ ለመነሳት።

አበበን ከጠራኸው አይቀር ግን ሙሉውን ጥራው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገር ቤት ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሽር ጉድ ሲል፣ እሱ በሮም ኦሊምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ጣሊያን ነቅላ ወስዳ ከተከለችው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎት ሄደ፤ ልዩነቱ 25 ሰከንድ ነበር። እስከዚህ ያለውን ሁላችንም ከእናታችን ጡት ጋር ጠብተነዋል። የማይወራው፣ ጫማውን ያወለቀበት ምክንያት ነው። እዚያ ያገኘው አዲስ ጫማ እግሩን አልተስማማውም፤ በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ የለመደው ነገር ነበር። ስለዚህ ልብ በል፦ ጫማ ጠልቶ ሳይሆን ጫማው ጠልቶት ነው።

አንተ የሮምን ሰምተህ ቡና ሳይደገም ተነስተህ ሄደሃል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ ያው አበበ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ወር ከምናምን ሆኖት፣ ነጭ ካልሲና የፑማ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ከሮሙ ሦስት ደቂቃ የፈጠነ ነው። ከዚያም ሣሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። በል እንግዲህ፣ «አበበ ቢቂላስ?» ካልክ መልሱ «የቱ አበበ?» ነው።

ደግሞ ልጨምርልህ። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግስት አሰፋ በበርሊን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። አበበ ቶኪዮ ላይ ከሮጠበት በ18 ሰከንድ ይፈጥናል። ጫማዋ የአንዱ እግር ክብደት 138 ግራም ነበር፤ ገበያ ላይ 500 ዶላር ይሸጥ ነበር። ዶላሩን በብር አትምታው፤ ትሬድሚሉ ላይ ሳትወጣ ልብህ ይመታል።

ይህን ሁሉ ጂም ውስጥ ሳወራ አንድ ሌላ ባዶ እግረኛ ከወለሉ ላይ ተነሳ። «ሙሴስ ቢሆን ጫማውን አላወለቀም?» አለኝ።

«ሙሴ የሚነድ ቁጥቋጦ ፊት ነው ያወለቀው። እዚህ የሚነደው ያንተ እግር ነው» አልኩት።

«ሰፈሩም እኮ ቤቴል ነው፤ የእግዚአብሔር ቤት ማለት ነው።»

ይቺ ጥሩ ነበረች፤ አልክድም። ግን ቤቴል ካልን የቤቴልን ታሪክ እናንሳ፤ ያዕቆብ እዚያ ድንጋይ ተንተርሶ ነው ያደረው። በእኛ ቤቴል ደግሞ ቤንች ፕሬሱን ይዞ ስልኩን ተንተርሶ የሚያድር አለ። እኛ ቆመን ተራ እንጠብቃለን፤ እሱ መሰላልና መላእክት እያየ ነው መሰለኝ አይነሳም።

ከቪዲዮ የተማረው ወጣት ግን እንደ እነዚህ በቀላሉ የሚረታ አይደለም። «ባዶ እግር ተፈጥሯዊ ነው» ይላል። ተፈጥሮማ የቸኮሌት ጣዕም ያለው ፕሮቲንም አላዘዘችልህም፤ እሱን ስትጠጣ ግን ተፈጥሮን አታማክራትም። ይሁን እንጂ ሲቀጥል የተናገረው ልክ ነው፤ ተረበኛም ቢሆን እውነት ሲሰማ ኮፍያውን ያነሳል። የሩጫ ጫማ ሶል ስፖንጅ ነው። ለመሮጥ የተሠራው መሬት የሚመልሰውን ምት እንዲውጥ ነው፤ ተረከዙም ከጣቱ ከፍ ይላል። ያንን ተጫምተህ 100 ኪሎ ብረት ትከሻህ ላይ ስትጭን ስፖንጁ ይሰጥማል፤ ቁርጭምጭሚትህ ወዲያና ወዲህ ይላል። ፍራሽ ላይ ቆሞ ኩንታል ጤፍ እንደ መሸከም ነው። የእህል በረንዳ ወዛደር እንደዚያ ባለ ጫማ ኩንታል ሲሸከም እኔ አይቼ አላውቅም፤ ሳይማር የገባው ነገር እኛን በወር ክፍያም አልገባን።

ስለዚህ ዴድሊፍት የሚሠራ ሰው ስስና ጠፍጣፋ ሶል ያለው ሸራ ጫማ ቢያደርግ ይሻለዋል። ኦሊምፒክ ላይ የሚያነሱት ደግሞ ተረከዙ ከፍ ያለና እንደ እንጨት የጠነከረ ጫማ አላቸው፤ ቁጢጥ ሲሉ ጀርባቸው እንዳይጎብጥ ይረዳቸዋል። ባዶ እግር ግን? ዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን እንኳ በባዶ እግር መድረክ ላይ አያወጣም፤ ቢያንስ ስስ የዴድሊፍት ጫማ አድርጉ ይላል። ወጣቱ ይህን ሲሰማ «እኔ ተወዳዳሪ አይደለሁም» አለ። እሱንማ ስታነሳ አይተናል።

«20 ኪሎ ብረት እግሬ ላይ ቢወድቅ ሸራ ጫማ ያድነኛል እንዴ?» ያለም ነበር። አያድንህም። ልዩነቱ ጣትህን የምትለቅመው ከወለል ነው ወይስ ከጫማህ ውስጥ የሚለው ነው፤ ለአስታማሚ የቱ እንደሚቀል አንተ ፍረድ።

በጂሙ ውስጥ ከሁሉ የማከብራቸው ባለ ነጠላ ጫማው ጋሼ ናቸው። ደም ግፊት አለባቸው፤ ሐኪም «ተንቀሳቀስ» ብሏቸው በየማለዳው ይመጣሉ። የሚመጡት ግን በነጠላ ጫማ ነው። ትሬድሚሉ ላይ ሲራመዱ ጧ፣ ጧ፣ ጧ ስለሚል የጂሙ ሙዚቃ ጠፍቶ እንኳ ምት አይጎድልም።

«ጋሼ፣ ነጠላ ጫማ ለሻወርና ለሱቅ ነው እኮ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ልጄ፣ ጣቴ አየር ይፈልጋል።»

«አየር ከፈለገማ አየር ጤና ይውሰዱት፤ ታክሲው ከበሩ ላይ ነው።»

ፍጥነቱን ሳይቀንሱ ዘወር አሉና «እዚያማ ሄጄ ነበር» አሉኝ፤ «አየሩ ጥሩ ነው፤ አፍህ ስለሌለበት ይሆናል።» ጂሙ በሳቅ ፈረሰ። ዙሩ የጋሼ ነው።

ያም ሆኖ ትሬድሚል ከነጠላ ጫማ ጋር አይዋደድም። ጣት ብቻውን የያዘው ጫማ ቀበቶው ላይ ሲጎተት ይንሸራተታል፤ ሰውየው ወደ ፊት ሲያስብ መሣሪያው ወደ ኋላ ይልከዋል። እግሬ አውጪኝ ብሎ የገባ በእግሩ ጦስ ይወጣል ማለት ነው። ነጠላ ጫማ ወሳኝ የሚሆነው ሻወር ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ አብዛኛው ሰው በባዶ እግሩ ይገባል! እርጥብ ወለልን የሚወድ፣ በጣቶች መሀል ገብቶ የሚያሳክክ ፈንገስ አለ። የወር ክፍያ ሳይከፍል ዓመቱን ሙሉ የማይቀር ብቸኛው የጂሙ አባል እሱ ነው። እግርህን በደንብ አድርቀው፤ ካልሲህን ቀይር፤ የሰው ነጠላ ጫማ አትዋስ።

«ኦሪጅናል ነው» እያለ ባለ መስመሩን ጫማ የሚያስጎበኝ ጓደኛችንም አይዘለል። ባለ ሦስት መስመር ነው ሲለን ቆጠርኩት፤ አራት ነው። ቻይናዎች ለጋሶች ናቸው፤ አንድ መርቀውለታል። አጠገቡ የነበረችው እህታችን ሳቀች፤ የሷን ሶል ሳይ ግን ሳቄ ወደሷ ዞረ። የዓለም አትሌቲክስ ለጎዳና ሩጫ የሚፈቅደው የሶል ውፍረት 40 ሚሊ ሜትር ነው። «ያንቺ ፎቅ ግን የግንባታ ፈቃድ አለው?» ብላት «አንተ ሶሌን ከምትለካ ስኳትህን ቁጠር፤ ከሰባት ወደ አሥራ ሁለት ዘለሃል» አለችኝ። ዘልያለሁ።

በክረምት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ወረቀቱ «ስፖርት ጫማ» አለ እንጂ «የጭቃ ጫማ» አላለም። ከታክሲ ወርዶ የሰፈሩን ጭቃ ተጫምቶ ምንጣፉ ላይ የሚቆም አለ። ደጃፍ ላይ ያለው ሊስትሮ ባለፈው የአንዱን ጫማ ገልብጦ አየና «ጋሼ፣ ይሄ መታጠብ ሳይሆን መቀበር ነው የሚፈልገው» አለው። የውስጥ ጫማ ለብቻው በፌስታል ያዙ፤ ፌስታሉ አይከብድም።

አሁን፣ ባለ ቢኩ ወንድሜ፣ ለአንድ አፍታ ሳቁን እናቁም። በደጋው አገራችን፣ እሳተ ገሞራ የወለደው ቀይ አፈር ባለበት፣ በባዶ እግሩ እያረሰ የኖረ ገበሬ እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ትል የለበትም፤ ትንኝ የለችበትም፤ የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ ነው በቆዳ ውስጥ እየገባ የሚጎዳው። ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ ኢትዮጵያ ውስጥ ዓመታት ፈጅቶ ያጠናው ይህ በሽታ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይዞታል። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ ነው። ባዶ እግር ምርጫ የሚሆነው ሎከር ውስጥ ጫማ ላለው ሰው ነው። ለገበሬው ምርጫ አልነበረም።

ጫማ የለኝም ካልክ ደግሞ ሩቅ አትሂድ። ከዚህ ብዙም በማይርቀው ዘነበወርቅ ቤተልሔም ጥላሁን የበረባሶን፣ ያችን ከመኪና ጎማ የምትቆረጥ ጫማ፣ ብልሃት ይዛ ሶልሬብልስን አቋቁማ ለዓለም ሸጣለች። አባቶቻችን ጎማ ተጫምተው ተራራ ወጥተዋል፤ አንተ የጂሙን ሦስት ደረጃ መውጣት አቅቶህ አበበን ትጠራለህ።

እነሆ ባለፈው ሰኞ በቀይ ቢክ ከጥያቄህ ሥር «ቶኪዮ ላይ አድርጓል» ብዬ ጻፍኩ። ማክሰኞ ጠዋት ስመጣ በዚያው በሰማያዊው ቢክ መልስ ተጽፏል፤ «እሺ። 42 ቁጥር ያለው ያውሰኝ።»

እኔ 40 ነኝ። 42 ቁጥር ያላችሁ የቤቴል ሰዎች ተባበሩት፤ ካልሲ ግን አብራችሁ ስጡት፤ የሱ ዘበኛ ጡረታ ይውጣ።