መሸኛ ያላመጣ ሰው ገና አልመጣም

አንድ ሰው የት እንደሚኖር ማወቅ በአገራችን እንደዋዛ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። ጎረቤት ቢያውቀው፣ እድሩ ወርሃዊ መዋጮውን ቢቀበለው፣ ባለሱቁ በዱቤ መዝገቡ ላይ ስሙን ቢያሰፍረው ምን ዋጋ አለው? እነዚህ ሁሉ ሊሳሳቱ ይችላሉ። የማይሳሳት ነገር ቢኖር ክብ ማኅተም ብቻ ነው። ስለዚህ ከጎጃም፣ ከሉማሜ ወይም ከአማኑኤል ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባ፣ ቤት የተከራየ፣ ሥራ የያዘ፣ እዚያው ታሞ እዚያው የዳነ ጎልማሳ፣ ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ እስኪያመጣ ድረስ ገና አልመጣም። እግሩ ቀድሞት ገብቶ ይሆናል እንጂ ሰውየውስ መንገድ ላይ ነው።

የአሠራሩን ጥበብ ማድነቅ ይገባል። አዲሱ ወረዳ በነዋሪነት እንዲመዘግበው መሸኛ ይጠይቃል። መሸኛውን የሚጽፈው የድሮ ቀበሌ በበኩሉ የድሮውን መታወቂያ ይረከባል። ተገቢ ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ነዋሪ ሊሆን አይችልም። የትም ነዋሪ እንዳይሆን ግን የከለከለ መመሪያ ያለ አይመስልም። መታወቂያውን አስረክቦ፣ መሸኛውን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ሌላ በር አለ፤ የቤቱ ባለቤት በቅጹ ላይ እንዲያስመዘግበው ፈቃደኛ መሆን አለበት። አከራዩ ኪራዩን በየወሩ ይቀበላል፤ ቅጽ ሲባል ግን፣ «ቤቴ ውስጥ ኑር፤ ወረቀቴ ላይ ግን አትኑርብኝ» ይላል። እሱም ወጉ ነው። ግብር መጥቶብኝ፣ ይገባኛል ባይ ተነሥቶብኝ ቢል ማን ይፈርድበታል? በዚህ መሐል በወረዳው በር ላይ «መታወቂያ መስጠት ለጊዜው ቆሟል» የሚል ማስታወቂያ የተለጠፈ ዕለት ነገሩ ሙሉ ይሆናል።

የጎጃም ሰው በማስረጃ የሚታማ አልነበረም። በርስት ዘመን መሬት የሚጠይቅ ሰው በአባቱ ወይም በእናቱ በኩል እስከ ዋናው አቅኚ አባት ድረስ ትውልዱን እየቆጠረ፣ በሽማግሌና በዳኛ ፊት እየተሟገተ ነበር ድርሻውን የሚያስከብረው። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህንኑ አጥንቶ በ1973 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መጽሐፍ አሳትሞበታል። የዚያ ሁሉ ትውልድ ቆጣሪ የልጅ ልጅ ዛሬ «የየት ነህ?» ሲባል ሰባት አያቶቹን ቢደረድር መዝገብ ቤቷ ቀና ብላ፣ «የቤት ቁጥር?» ትለዋለች።

በ1960 ዓ.ም. የሆነውም አይረሳም። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ መዝጋቢና ገማች ወደ ገበሬው ሲላክ ጎጃም እንቢ አለ። ምዝገባው ርስቴን ሊያስነጥቀኝ ነው ብሎ መሣሪያ አነሣ፤ ጦርና አውሮፕላን ተላከበት፤ በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ መንግሥትም ነገሩን ለማለዘብ ተገደደ። ያኔ መንግሥት «ልመዝግብህ» ሲል ገበሬው ሸፈተ። አሁን ገበሬው «መዝግቡኝ» ሲል መንግሥት «ሐሙስ ተመለስ» ይላል። በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ የዚህን ያህል የአመለካከት ለውጥ ያመጣ ሕዝብ ሽልማት ይገባው ነበር።

ቀበሌ ራሱ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲታወጅ የተወለደ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ተገልብጧል፣ ባንዲራ ተቀይሯል፤ በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና የመኖር ነፃነት እንዳለው ደንግጓል። አንቀጹ ጥሩ አንቀጽ ነው። የጎደለው ቲተር ብቻ ነው።

ይህ ቲተር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የዓባይ በረሃ መንገድ ነግሯል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደጀን ቁልቁል ወርዶ፣ በጃፓን እርዳታ በተሠራው የህዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፣ ጎሐ ጽዮን የሚወጣው መንገደኛ ዳገቱን ካለፈ በኋላ ከባዱ አልቋል ብሎ ነበር የሚያስበው። በ2015 ዓ.ም. ግን ከአማራ ክልል የሚመጡ መንገደኞች በየኬላው የአዲስ አበባ መታወቂያ እየተጠየቁ የሌላቸው ይመለሱ ነበር፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ጉዳዩን አንሥቶ ተችቶታል። ሎጂኩ እንከን የለውም። አዲስ አበባ ለመግባት የአዲስ አበባ መታወቂያ ያስፈልጋል፤ የአዲስ አበባ መታወቂያ ለማውጣት አዲስ አበባ መግባት ያስፈልጋል። ሎተሪ ሊያዞር፣ የቀን ሥራ ሊሠራ፣ የታመመች እናቱን ሆስፒታል ሊያደርስ የተነሣ የጎጃም ልጅ ይህን ፍልስፍና ጫካ ዳር በቆመ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ እንዲያብሰለስል ዕድል ተሰጥቶታል።

ደግነቱ ዘመናዊነት ደረሰ። በዚያው በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ጸደቀ፤ አሻራና የዓይን ብሌን ተነሥቶ 12 አሃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር መሰጠቱ ቀጠለ። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሰነድ የሌለው ሰው ምስክር ይዞ እንዲመዘገብ መፍቀዱ ቀበሌዎች ለዓመታት ያላሰቡት ነገር ነው። ግን አዋጁ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። ዲጂታል ሁን ተብሎ ዳታው የተዘጋበት ሕዝብ ሌላ ቦታ መኖሩ ያጠራጥራል። ባንኮች በበኩላቸው ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ጀምሮ በአዲስ አበባ ፋይዳ ለሌለው ሰው አዲስ ሒሳብ መክፈት አቆሙ፤ አሠራሩም ወደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል እንዲሰፋ ተወሰነ።

ፋይዳ ማን እንደሆንክ ይናገራል፤ የት እንደምትኖር ለሚጠይቀው ግን አሁንም ቀበሌ አለ፤ ቀበሌም አሁንም መሸኛ ይላል። ያውም የትኛው ቀበሌ? በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ በኋላ በጎጃም ገጠር ሥራ ያቆሙ፣ ሊቀመንበራቸው ከተማ የገባ፣ መዝገባቸው የት እንዳለ የማይታወቅ ጽሕፈት ቤቶች ብዙ ናቸው። ከእንዲህ ያለ ቀበሌ ሸሽቶ የመጣ ሰው፣ በሩ ከተዘጋው ቢሮ፣ በሌለው ሊቀመንበር የተፈረመ ደብዳቤ አምጣ ሲባል፣ ጠያቂው ጨካኝ ሆኖ አይደለም። መመሪያው ላይ ቢሮው ክፍት ነው።

አንዳንዶች መዘግየቱ የሥራ ብዛት ያመጣው ነው ይላሉ። ለእነዚህ ደጋግ ሰዎች የፓስፖርት ዋጋ ዝርዝር መልካም ንባብ ነው። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ በተሻሻለው ተመን መደበኛው ፓስፖርት 5 ሺህ ብር ሲሆን በሁለት ቀን የሚደርሰው አስቸኳይ ደግሞ 25 ሺህ ብር ገባ። ወረቀቱ ያው ነው፤ ማተሚያውም ያው ነው። ሁለት ቀን የሚበቃው ሥራ ለሌላው ባለጉዳይ የሚረዝመው ሃያ ሺህ ብር ስለጎደለው ነው ማለት ነው። ቀበሌ ግን እንዲህ በግልጽ ተመን አላወጣም፤ እዚያ ዋጋው በሹክሹክታ ነው፤ «ያስጨርሳል» የሚባለውን ሰው ስልክ ማግኘት ብቻ ነው።

የጎጃም ልጆች ባሕር ማዶም አሉ። አሜሪካ ውስጥ የቋሚ ነዋሪነት ካርዱ የሚያበቃበት ሰው አይ-90 የተባለውን ቅጽ ሞልቶ ያስገባል። የዚያ አገር የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤትም በመዘግየት የሚታማ ነው፤ ባለጉዳይ ያንገላታል፤ ፋይል ይደራረብበታል። ግን አንድ እንግዳ ልማድ አለው። እንደሚዘገይ ስለሚያውቅ፣ በላከው ደረሰኝ ላይ የድሮው ካርድ ጊዜው ካለፈ በኋላም እንደሚጸና ይጽፋል፤ በመስከረም 2024 እንደ ፈረንጆች ይህን ጊዜ 36 ወር አድርጎታል። የዘገየው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ መዘዙ የእኔ ነው ማለቱ ነው። ያ ሰው ደረሰኙን ይዞ ይቀጠራል፤ መንጃ ፈቃድ ያድሳል፤ አገር ቤት ደርሶ ይመለሳል። ደብረ ማርቆስ ሲመጣ ወንድሙን ያገኘዋል፤ ወንድሙ ከአንዱ ክፍለ ከተማ መታወቂያ ለማውጣት አመልክቶ በመጠበቅ ላይ ነው፤ በማስረጃነት የያዘው ደግሞ የቀጠሮ ቀን የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ናት። ብጣሿ ደግሞ ማኅተም የላትም።

ይህን ለማስተካከል ብድርም፣ የውጭ አማካሪም፣ አዲስ ኮሚሽንም አያስፈልግም። አንድ አንቀጽ መመሪያ ይበቃል፦ ያመለከተ ሰው ጉዳዩ እልባት እስኪያገኝ የድሮ መታወቂያው ይጸናል፤ ማኅተም ያረፈበት የማመልከቻ ደረሰኝም እንደ መታወቂያ ይቆጠራል፤ መሸኛውን አንዱ ጽሕፈት ቤት ከሌላው ጽሕፈት ቤት ራሱ ይጠይቅ፤ የሚጠየቀው ቢሮ ከተዘጋም ምስክር ይበቃል።

ተቃውሞው ግን ከወዲሁ ይታያል። በየጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ የሚተዳደረው ፎቶ ኮፒ ቤት ምን ሊሆን ነው? ጉርድ ፎቶ አንሺው? ማመልከቻ ጸሐፊው? ለአንዲት መሸኛ ከአዲስ አበባ ጎጃም ሁለት ሦስት ጊዜ የሚመላለሰውን ደንበኛ የለመደው የሚኒባስ ባለቤትስ? ከሁሉ የከፋው ደግሞ ውስጥ ያለው ችግር ነው። «የሚፈርሙት ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለው የኖረ መልስ ዋጋ ያጣል፤ ስብሰባው በረዘመ ቁጥር የሚጸናው የባለጉዳዩ ደረሰኝ ይሆናላ!