ቆርቆሮ ያደነቆረው ሽማግሌ

እኔ ግሼ ራቤል ላይ ተወልጄ ራቤል ላይ ያረጀሁ ነኝ። ጆሮዬን የደፈነው ግን እርጅና አይደለም፣ ቆርቆሮ ነው። የግሼ በረዶ በቅዳሴ መሀል በቤተ ክርስቲያናችን የቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ቄሱ ምን እንዳሉ፣ ዲያቆኑ ምን እንደመለሰ የሚሰማ ካለ እሱ መልአክ ነው። እኛማ የምንሰግደው ጎረቤታችንን እያየን ነው።

ድሮ ቤተ ክርስቲያኑ የሣር ክዳን ነበረው። በረዶው ቢወርድ ድምፁ አይሰማም። ከጉልላቱ የሰጎን እንቁላል፣ ከውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ፣ ሁሉም ክብ በክብ። አሁን አዲስ አበባ ያሉ የአገር ልጆች ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ አሮጌው ፈርሶ ባለቆርቆሮ ይሠራል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይጠገንም ይላል። የኛ ኮሚቴ ታዲያ መቼ መጠገን አማረው? የሚያውቀው ማፍረስ ነው!

ሣሩ ደግሞ እንደልብ የሚታጨድ አልነበረም። ጎረቤታችን መንዝ የጓሳን ሜዳ በቄሮ ሥርዓት ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋው ነበር፤ ቀኑ ሳይቆረጥ ማጭድ ይዞ የገባ ወዮለት። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጣና ሥርዓቱ ፈረሰ። ጓሳው ግን ዛሬም በኅብረተሰቡ ይጠበቃል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይንፈላሰሱበታል። ቤቴን ሊከድን የሚገባው ሣር ለፈረንጅ ፎቶ ሆኖ ቀረ።

ቤቴንማ አታንሱብኝ። በድንጋይ የተካበው ክብ ቤት ጭሱ ክዳኑን እያጠነ ነቀዝ ያባርርለት ነበር። ልጄ ቆርቆሮ አልብሶልኝ ሌሊት ሌሊት ከጣራው የሚንጠባጠበው ወዝ ባናዬን ያረጥበዋል። ጎተራውንም አፍርሶ ገብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ደረደረው። አይጦቹ ልጄን ሲመርቁ ያድራሉ።

ጠበሉስ? ከዓለት ሥር የሚፈልቀውን በሲሚንቶ አጥረው ቧንቧ ሰኩበት። ቢጫ ጀሪካን ከበሽተኛው ቀድሞ ይሰለፋል። ዛሬ ጋኔን እንኳ የሚጮኸው ወረፋው ሲደርስ ነው።

አዲስ ቤተ ክርስቲያን አትሥሩ አላልኩም፤ እኔም አዋጥቻለሁ። ግን ከጎኑ ሥሩት፣ አሮጌውን ተዉልኝ። ሣር መክደን የምንችል ሽማግሌዎች ገና አለን። ልጆቻችሁን ላኩልን፣ በሕይወት ሳለን እናሳያቸው፤ ለጆሮዬ ስትሉ ግን ጮክ ብለው ይጠይቁኝ።