ልዋጭ

እኛ የኮልፌ ሰዎች ቅርስ መጠበቅ እናውቅበታለን። አስቀድሞ መጣል ነው፤ ሌላው ራሱ ይመጣል።

ልጅ ሳለሁ አጠና ተራ አካባቢ «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ አይጠፋም ነበር። አሮጌ ሱሪ ተሰጥቶ ብርጭቆ ይወሰዳል፣ ብብቱ የተተረተረ ኮት ተሰጥቶ የፕላስቲክ ጆግ። የቤታችን የሙዚቃ ሸክላዎች አብዛኞቹ በዚሁ መንገድ ጆግ ሆኑ። አንዷ ብቻ ታድላ የእንስራ ክዳን ሆነች። መሀሏ ያለው ቀዳዳ ውሃው እንዲተነፍስ ታስቦ የተበሳ ነው ብለን ፈረንጅን አድንቀናል።

የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነው የሚለውን ትእዛዝ ጥሶ፣ መታሰር ቢመጣም ይምጣ ብሎ፣ ውጭ አገር እያሳተመ ያስገባ ነበር። ይህ ሁሉ ድፍረት ለእንስራችን መሆኑን ቢያውቅ እንዴት ደስ ባለው!

ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያስ? ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፣ ከዚያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያ ፖሊስ ኦርኬስትራ። ፎካሪ ደም ሥሩ እስኪገታተር የሚያወርደውን ሽለላ በሳክስፎን አወረደው፤ አምባሰል ሲነፋ ደግሞ ያው ሳክስፎን እንደ እናት ያባብላል። በ1972 ፊሊፕስ በሸክላ አወጣለት። እኛም አመስግነን ወደ ካሴት ዞርን። ሽለላ እኮ ሠርግ ላይም አለ፤ በነጻ!

ደግነቱ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ደረሰልን። በ1997 «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ሲዲዎች ማውጣት ጀመረ፣ በ2003 አሥራ አራተኛው የጌታቸው ሆነ። ሰውየው ንጉሥ መሆኑ የገባን ያኔ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ተጽፏላ! ቀጥሎ «ዘ ኤክስ» የሚባሉ የሆላንድ ፓንኮች ሰባ ዓመት ያለፈውን አዛውንት ይዘው በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን አወጡ። ፓንክ ከመሰከረ ማን ይከራከራል?

አሁን ደግሞ ሲዲውም ቀረና ተመልሶ ሸክላ ሆኗል። ቤተል የሚኖር አንድ ወዳጄ በዩሮ አስመጥቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ ከነላስቲኩ።

«ክፈተውና እንስማ» አልኩት።

«ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል። ደግሞ ማጫወቻ የለኝም።»

«ታዲያ ሙዚቃውን እንዴት ትሰማለህ?»

«ዩቲዩብ ምን ሊሠራ?» አለና ሸክላውን አውርዶ እጄ ላይ አኖረው። «ክብደቱን አየኸው? መቶ ሰማንያ ግራም ነው።»

ሩብ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ግን ሥጋ ቤት አይደለንም ብዬ ዝም አልኩ። እንግዳ ሲመጣ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፤ ወዳጄም «ኦሪጅናል ነው» ይላል። ኦሪጅናሉ እንኳ የእናቴ እንስራ ላይ ነበር።

ስወጣ በሩ ላይ ልዋጭ ደረሰ። ለቀልድ ብዬ ወደ ግድግዳው በአገጬ አመለከትኩት። ልጁ አንገቱን አስግጎ በመስኮቱ አየና፣

«ጋሼ፣ ያልተከፈተ ነው?» አለኝ።

«አልተከፈተም።»

«እንደሱ ከሆነ ጆግ ከነክዳኑ።»